ሕግን ያስቀየሩ ወንጀሎች፦ ጥያቄና መልስ ከድሬዳዋ

ኅብረተሰብን ያስደነገጡና ሕግን ያስቀየሩ የታሪክ ወንጀሎችን በሚመለከት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ባልሁት መሠረት ከድሬዳዋ፣ ከሐረርና ከአካባቢው በርካታ ጥያቄዎች ደርሰውኛል። በድሬዳዋ ችሎቶች ለረጅም ጊዜ በጥብቅና የቆምሁ ሰው በመሆኔ፣ በምመልሰው ሁሉ ውስጥ የጠበቃ ዓይን መኖሩ አይቀርም። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። የተበደሉ ሰዎችን ስም፣ ራሳቸው በአደባባይ ወጥተው ካልታገሉ ወይም ሕዝብ በሙሉ ካላወቃቸው በቀር፣ አልጠራም። በእኛ አቆጣጠር የሆነውን «ዓ.ም.»፣ በውጭው የሆነውን «እ.ኤ.አ.» ብዬ ለይቻለሁ።

ከከዚራ፦ ጋሼ፣ ሕግ ሁልጊዜ የሚወጣው ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አይሆንም?

በከፊል እውነትዎን ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር እንድንለይ እፈልጋለሁ። እጅግ የከፉት ወንጀሎች አብዛኛውን ጊዜ ሕግ አላስቀየሩም። እ.ኤ.አ. በ1888 በለንደን ሴቶችን እያረደ የሄደውና እስከ ዛሬ ማንነቱ ያልታወቀው ገዳይ ዓለምን አስደንግጧል፤ ይሁን እንጂ ግድያ ቀድሞውኑ በሞት የሚያስቀጣ ስለነበር የወንጀል ሕጉን የሚለውጥ ምክንያት አልተገኘም። ሕግን የሚያስቀይረው የጭካኔው መጠን ሳይሆን፣ ወንጀሉ በሕጉ ውስጥ ያለውን ቀዳዳ ገልጦ ሲያሳይና ያን ቀዳዳ አይቶ ዝም የማይል ሰው ሲገኝ ነው።

ከዚያ 60 ዓመት ቀድሞ በስኮትላንድ ኤድንብራ ከተማ የሆነውን ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1828 በርክና ሄር የተባሉ ሁለት ሰዎች 16 ሰው ገድለው ሬሳውን ለሕክምና መምህሩ ለዶክተር ሮበርት ኖክስ ሸጠዋል። ነገሩ የተጀመረው በግድያ አልነበረም፤ በሄር ቤት ተከራይቶ ይኖር የነበረ አንድ ሽማግሌ የቤት ኪራይ ዕዳ እንዳለበት በሕመም ሲሞት፣ ሬሳውን በ7 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ ሸጡት፤ ከዚያ በኋላ ሰው እስኪሞት መጠበቅ ተዉ። በዚያን ጊዜ ለሕክምና ትምህርት በሕግ የሚፈቀደው ሬሳ በጣም ጥቂት ሲሆን፣ ተማሪው ግን ብዙ ነበር። ሄር በጓደኛው ላይ መስክሮ ነፃ ወጣ፤ በርክ በጥር 1829 ተሰቀለ፤ ፓርላማው ደግሞ በ1832 ባወጣው ሕግ ሬሳ ለትምህርት በሕጋዊ መንገድ የሚገኝበትን ሥርዓት ዘረጋ። ገዳዮችን የሚቀጣ ሕግ ስለነበረ አዲስ አላስፈለገም፤ የተለወጠው ገበያውን የፈጠረው ሕግ ነው።

አንዲት የሕግ ተማሪ ከሐረር፦ በአገራችን አንድ የፍርድ ጉዳይ ሕግ አስቀይሯል የሚባለው የትኛው ነው?

ያለ ማመንታት የማነሣው የአርሲዋን የ14 ዓመት ተማሪ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረስ የጫኑ ሰዎች አግተው ወሰዷት፤ በጎጆ ውስጥ ተዘግቶባት ተደፈረች፤ ሚስቴ ትሆናለች ተባለ። በነጋታው እዚያው ያገኘችውን ጠመንጃ ይዛ ሸሸች። ጠላፊውና ግብረ አበሮቹ ደርሰው ሲከቧት ወደ ሰማይ ተኮሰች፤ አልተመለሱም፤ ከዚያም ጠላፊውን ተኩሳ ገደለችው። የተከሰሰችው በነፍስ ግድያ ነው።

በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረውን የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ለማያውቅ ሰው የነገሩ ክብደት አይገባውም። ሕጉ ጠለፋን ወንጀል ይለዋል፤ ሆኖም ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕግ ካገባት ክሱ ይቀር ነበር። ይህን ሐረግ ቆም ብላችሁ አስቡበት። ለጠላፊው ከእስር የሚያመልጥበትን መንገድ ራሱ ሕጉ ይጠርግለታል፤ ሽማግሌ ተልኮ፣ ለአባትየው ካሣ ቀርቦ፣ ልጅቱ «ፈቅጃለሁ» እንድትል ከተደረገ፣ ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን ይዘጋል። ስለዚህ ጠላፊ የሚሮጠው ወደ ጫካ ሳይሆን ወደ ሽማግሌ ነበር።

የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ገና በተቋቋመ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ይህን ጉዳይ ያዘ። ማኅበሩን ይመሩ የነበሩት፣ ኋላም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው። ክርክሩ ሕጋዊ መከላከል ነው የሚል ሲሆን፣ ፍርድ ቤቱም ተቀብሎት ልጅቱን በነፃ አሰናበታት። በሕግ ትምህርት ቤት ሕጋዊ መከላከልን የምንማረው በመንገድ ላይ በተጣሉ ወንዶች ምሳሌ ነበር፤ የተጠለፈች ልጅ ራሷን ልትከላከል ትችላለች ብሎ ያሰበ መምህር አላጋጠመኝም።

ለውጡ ግን በአንድ ቀን አልመጣም። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ለጋብቻ ብሎ ሴት የሚጠልፍን ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ አስገድዶ መድፈር ከተጨመረበት ለዚያውም ለብቻው ይጠየቃል። የዚሁ አንቀጽ ንዑስ ቁጥር 3 ከጠለፋ በኋላ የተደረገ ጋብቻ የወንጀል ተጠያቂነትን አያስቀርም ይላል። እኔ ከመላው ሕጉ አንድ ዓረፍተ ነገር ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው።

ያቺው የሐረር የሕግ ተማሪ፦ ሌሎች አገሮችም እንዲህ ዓይነት ሕግ ነበራቸው?

ነበራቸው፤ ከእኛ ቀድመው «የሠለጠኑ» የምንላቸውም ጭምር። በጣሊያን ሲሲሊ፣ አልካሞ በምትባል ከተማ፣ ፍራንካ ቪዮላ የተባለች የ17 ዓመት ልጅ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1965 ተጠልፋ ስምንት ቀን ታገተች። በጣሊያን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 544 መሠረት ቢያገባት ነፃ ይወጣ ነበር፤ ጎረቤቱም «ክብሯን ለማዳን» እንድታገባው ይጠብቃል። እምቢ አለች። አባቷም ከጎኗ ቆመ፤ የቤተሰቡ የወይን ማሳና ጎተራ በእሳት ጋየ፤ አባትየው ግን ቃሉን አልለወጠም። ጠላፊው 11 ዓመት ተፈረደበት። ይሁንና አንቀጹ የተሻረው በ1981 ነው፤ ከፍርዱ 15 ዓመት ያህል ዘግይቶ ማለት ነው።

በሞሮኮ ከደፋሪዋ ጋር የተጋባች የ16 ዓመት ልጅ እ.ኤ.አ. በ2012 የአይጥ መርዝ ጠጥታ ከሞተች በኋላ ሕዝብ አደባባይ ወጣ፤ በ2014 ተመሳሳዩ ድንጋጌ ተነሣ። ቱኒዚያ፣ ዮርዳኖስና ሊባኖስ የሻሩት እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። የእኛ የ1997 ዓ.ም. ሕግ (እ.ኤ.አ. 2005 መሆኑ ነው) በዚህ ነጥብ ከሦስቱ 12 ዓመት ይቀድማል፤ ይህን የምለው ለመኩራራት ሳይሆን፣ «ይህ የውጭ አስተሳሰብ ነው» እያሉ በየሸንጎው ለሚከራከሩኝ ሰዎች መልስ እንዲሆን ነው።

ከሳቢያን፦ የጋብቻ ዕድሜስ በዚሁ ጉዳይ ነው የተለወጠው?

አይደለም፤ ቀደም ብሎ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት በ15 ዓመቷ ልታገባ ትችል ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም ጾታ 18 ዓመት አድርጎታል። ይህ የፌዴራል ሕግ በቀጥታ የሚሠራው በአዲስ አበባና በእኛው በድሬዳዋ ሲሆን፣ ሐረሪን ጨምሮ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። ያለ ዕድሜ ጋብቻ መፈጸም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ያስቀጣል፤ ልጅቱ 13 ዓመት ያልሞላት ከሆነ ቅጣቱ እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል።

ከመጋላ፣ ስማቸው እንዲገለጽ ያልፈለጉ እናት፦ የሴት ልጅ ግርዛትንስ ያስከለከለው የትኛው ወንጀል ነው?

እናቴ፣ እዚህ ላይ የጋዜጣ አርእስት የሆነ አንድ ጉዳይ የለም። የሞቱት በየቤቱ ሞቱ፤ በወሊድ ጊዜ የተሠቃዩት በየማጀቱ ተሠቃዩ። ሕጉን ያመጡት ለዓመታት ያለማቋረጥ የተናገሩ ሴቶችና የጤና ባለሙያዎች ናቸው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 565 መግረዝን ከ3 ወር በማያንስ ቀላል እስራት ወይም ከ500 ብር በማያንስ መቀጮ ይቀጣል፤ አንቀጽ 566 ደግሞ በእኛ አካባቢ ለሚታወቀው የመስፋት ዓይነት ከ3 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት አስቀምጧል። የመጀመሪያው ቅጣት ቀላል ነው ብዬ አምናለሁ፤ 500 ብር ዛሬ ማንንም አያስፈራም።

ከሐረር፣ የታሪክ መምህር፦ ሕዝብን መጨፍጨፍ በዓለም ሕግ ወንጀል የሆነው እንዴት ነው? እኛስ ከነገሩ ጋር ምን ግንኙነት አለን?

ግንኙነታችን ከሚታሰበው በላይ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ጥያቄ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 15 ቀን 1921 በበርሊን ሃርደንበርግ ጎዳና ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሶጎሞን ቴሂሊሪያን የተባለ አርመናዊ ወጣት የቀድሞውን የኦቶማን ባለሥልጣን ታላት ፓሻን ከኋላው ደርሶ በሽጉጥ ገደለው። ታላት የአገር ግዛት ሚኒስትር በነበረበት ጊዜ አርመኖች ከየቀያቸው ተነቅለው በየበረሃው እንዲያልቁ ያዘዘ ሰው ነው፤ በ1919 በገዛ አገሩ ወታደራዊ ፍርድ ቤት በሌለበት ሞት ተፈርዶበት ነበር፤ ሆኖም በጀርመን በሰላም ይኖር ነበር። የበርሊን ችሎት ሁለት ቀን ብቻ ተቀምጦ ገዳዩን በነፃ ለቀቀ።

በዚያው ዘመን ራፋኤል ሌምኪን የሚባል የፖላንድ ተወላጅ አይሁዳዊ በሉቮቭ ዩኒቨርሲቲ ይማር ነበር። መምህሩን «አንድ ሰው የገደለው ሲከሰስ፣ ሕዝብ ያስጨረሰው ስለምን አልተከሰሰም?» ብሎ ጠየቀ። መምህሩ የመለሰለት፣ ዶሮ ያለው ገበሬ ዶሮዎቹን ቢያርድ ጉዳዩ የራሱ ነው፤ ሌላው ልግባ ቢል ድንበር ጣሰ ይባላል የሚል ነበር። የመንግሥታት ሉዓላዊነት በዚያን ጊዜ ሰዎችን እንደ ዶሮ የሚያስቆጥር ነበር ማለት ነው። ሌምኪን በዚህ አልተኛም፤ ናዚዎች ከዘመዶቹ 49 ሰው ከፈጁ በኋላም ከአንዱ የልዑካን ቡድን ወደ ሌላው እየሄደ ሲለምንና ሲከራከር ኖሮ፣ የዘር ማጥፋት ወንጀልን የሚከለክለው ስምምነት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 9 ቀን 1948 በተባበሩት መንግሥታት ጸደቀ።

ስምምነቱን ከዓለም በሙሉ ቀድማ ያጸደቀችው አገር ኢትዮጵያ ናት፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1 ቀን 1949። ለምን እኛ? ፋሺስቶች በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያደረጉትን ያየ መንግሥት ነበር፤ ይህ ይመስለኛል ዋናው ምክንያት። ለእኛ ለሐረርና ለድሬዳዋ ሰዎች ደግሞ ሌላ ትዝታ አለ። ከዚያ እልቂት ከተረፉት አርመኖች ጥቂቶቹ ወደ አገራችን መጥተው በሐረርና በድሬዳዋም ኖረዋል። የሐረር ገዥ የነበሩት ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 ወላጅ አልባ ልጆች፣ «አርባ ልጆች» ተብለው በሙዚቃ ታሪካችን የምናውቃቸው፣ የዚያው እልቂት ትራፊዎች ናቸው።

ከዚህ ቀጥሎ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን በአንቀጽ 281 ከዓለም አቀፉ ስምምነት አንድ እርምጃ አልፎ ሄደ። ስምምነቱ የሚጠብቀው በዜግነት፣ በጎሣ፣ በዘርና በሃይማኖት የተለዩትን ብቻ ነው፤ የእኛ ሕግ ግን የፖለቲካ ቡድንንም ጨመረበት። ያን ጊዜ ይህች ቃል ምን ያህል እንደምታስፈልግ ማንም አላወቀም።

ከገንደ ቆሬ፦ የደርግ ባለሥልጣናት የተፈረደባቸው በዚያው አንቀጽ ነው?

አዎን። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም፣ እዚሁ ሐረር ከሰፈረው ከሦስተኛ ክፍለ ጦር ተወክለው ወደ ደርግ የሄዱ መኮንን እንደነበሩ ታውቃላችሁ። ቀይ ሽብር የፈጀው በአብዛኛው በፖለቲካ አመለካከታቸው የተለዩ ወጣቶችን ስለሆነ፣ የዓለም አቀፉ ስምምነት ትርጉም ብቻ ቢኖር ክሱ በዚህ ስም ባልቆመ ነበር። ልዩ ዐቃቤ ሕግ በ1984 ዓ.ም. ተቋቁሞ ከ5,000 በላይ ሰዎችን ከሰሰ፤ ብዙዎቹም በሌሉበት ነው። ዋናው ችሎት በ1987 ዓ.ም. ተጀምሮ የጥፋተኝነት ውሳኔው የተሰጠው በታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው። መንግሥቱ በሌሉበት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው፤ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በግንቦት 2000 ዓ.ም. ወደ ሞት ለወጠው።

የሕግ ተማሪዎች ሊያነቡት የሚገባው የልዩነት አስተያየትም አለ፤ ከሦስቱ ዳኞች አንዱ የፖለቲካ ቡድን ጥበቃ በደርግ ዘመን በወጡ ሕጎች ተነሥቶ ስለነበር ተከሳሾቹ መቀጣት የሚገባቸው በከባድ ነፍስ ግድያ ነው ብለው ነበር። እኔ በአብላጫው ድምፅ እስማማለሁ፤ ጨፍጫፊው ራሱ ባወጣው ሕግ ራሱን ነፃ ሊያወጣ አይገባም። የ1997ቱ ሕግም በአንቀጽ 269 የፖለቲካ ቡድንን እንደያዘ ቀጥሏል። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 28 በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች በይርጋ (ማለትም ጊዜ በማለፉ) እንዳይታገዱ፣ በምሕረት ወይም በይቅርታም እንዳይታለፉ ደንግጓል።

ሐረር፣ ጀጎል አካባቢ፦ ጣሊያን ሐረርን በቦምብ ሲመታ የተከሰሰ አለ?

የለም። ሐረር ያልተመሸገች ክፍት ከተማ ተብላ ታውጃ ሳለ በመጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በአውሮፕላን ተደበደበች፤ ለዚህ ማንም ለፍርድ አልቀረበም። በደቡቡ ግንባር አዛዥ የነበረው ግራዚያኒ በ1950 እ.ኤ.አ. በጣሊያን ወታደራዊ ፍርድ ቤት 19 ዓመት ተፈርዶበት ነበር፤ የተፈረደበት ግን ከጀርመን ጋር በመተባበሩ ነው፤ በጥቂት ወራትም ተፈታ። ስለ ኢትዮጵያ አንድ ቀን ችሎት አልቆመም። እዚህ ላይ የጎደለው ሕግ አልነበረም፤ የመርዝ ጋዝ እ.ኤ.አ. በ1925ቱ የጄኔቫ ስምምነት ተከልክሎ ጣሊያንም ፈርማበት ነበር። የጎደለው ከሳሽን የሚሰማ ችሎት ነው፤ ይህ ቁጭት እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ከድሬዳዋ፣ የፖሊስ ባልደረባ፦ የሊንድበርግ ልጅ አፈና ምርመራ ለምን ይህን ያህል ይጠቀሳል?

ሕጉንም የምርመራ ሥራውንም ስለለወጠ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1 ቀን 1932 ምሽት፣ አትላንቲክን ብቻውን በአውሮፕላን በማቋረጡ ዝነኛ የሆነው የቻርልስ ሊንድበርግ የ20 ወር ሕፃን በኒው ጀርሲ ከፎቅ ክፍሉ ተሰረቀ። አፋኙ በመስኮቱ አጠገብ 50,000 ዶላር የሚጠይቅ ደብዳቤ ትቶ፣ ውጭ ደግሞ በእጅ የተሠራና የተሰበረ መሰላል ጥሎ ሄደ። ገንዘቡ ተከፈለ፤ ሕፃኑ ግን በግንቦት 12 ከቤቱ ብዙም ሳይርቅ ሞቶ ተገኘ።

የመርማሪ ዓይን የሚፈልገው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የተከፈለው ገንዘብ አብዛኛው በቅርቡ ከገበያ የሚወጣ፣ በወርቅ የሚመነዘር የዶላር ኖት ነበር፤ ቁጥሩም ተመዝግቧል። ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ አንድ የነዳጅ ማደያ ሠራተኛ ባለ 10 ዶላር ኖት ሲሰጠው ተጠራጥሮ የመኪናውን ታርጋ ቁጥር በኖቱ ጠርዝ ላይ ጻፈበት። ባንኩ ቁጥሩን አየ፤ ታርጋው ወደ ብሩኖ ሃውፕትማን አደረሰ፤ አንድ የእንጨት ባለሙያም የመሰላሉ አንዱ አግዳሚ ከሰውየው ቤት ጣሪያ ሥር ካለው ወለል የተነቀለ ሳንቃ መሆኑን በእንጨቱ መስመርና በሚስማሩ ቀዳዳ አስረዳ። ሃውፕትማን ተፈርዶበት በ1936 በሞት ተቀጣ። ፍርዱ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ክርክር ግን ዛሬም አልቆመም።

የሕጉ ቀዳዳ ይህ ነበር፦ በአሜሪካ አንዱ ግዛት ፖሊስ ከወሰኑ አልፎ አይከታተልም፤ አፋኝ ድንበር ከተሻገረ ግማሽ ነፃ ነው። ኮንግረሱ አስከሬኑ በተገኘ በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ አፈና ተፈጽሞበት ከግዛት ግዛት የተወሰደን ሰው ጉዳይ የፌዴራል ወንጀል አደረገው። የእኛ ከተማ ከባቡሩ ጋር የተወለደች፣ ወደ ደወሌና ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መንገድ በደጃፏ የሚያልፍ በመሆኗ ነገሩ ለእርስዎ እንግዳ አይደለም። ሰው የሚነግዱ ደላሎችን በሚመለከት በ2007 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 909 እና እሱን የተካው የ2012ቱ አዋጅ 1178 የተነሡበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ወንጀሉ እዚህ ተጀምሮ ሌላ አገር ይፈጸማል።

አንድ ጠበቃ፦ ሕዝብ በተቆጣበት ሰዓት የወጣ ሕግ መልሶ ንጹሕ ሰው አይጎዳም?

ይጎዳል። በካሊፎርኒያ በ1993 እ.ኤ.አ. የ12 ዓመት ልጅ ከቤቷ ታፍና በአንድ ብዙ ጊዜ በተፈረደበት ሰው ተገደለች፤ በቀጣዩ ዓመት ሦስተኛ ጥፋት የፈጸመ ሁሉ ቢያንስ 25 ዓመት ይታሰር የሚል ሕግ ወጣ። ከዚህ የተነሣ አንድ ቁራጭ ፒዛ የነጠቀ ሰው 25 ዓመት ተፈረደበት፤ ኋላ ተቀነሰለት። ሕዝቡ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2012 ድምፅ ሰጥቶ ሕጉን አለዘበው። በአገራችንም በ1993 ዓ.ም. ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በሙስና የተከሰሱትን የቀድሞውን የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃን በዋስ ሲለቁ፣ ተከሳሹ ከችሎቱ እንደወጡ ተመልሰው ተያዙ፤ ብዙም ሳይቆይ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚከለክል ሕግ ወጣ። አንድን ሰው እያዩ የሚጻፍ ሕግ ነገ በማያውቁት ሰው ላይ ይውላል።

አጭር ጥያቄ ከሐረር፦ «አብዷል» የተባለ ገዳይ ነፃ የሚወጣበት ሕግ ከየት መጣ?

በ1843 እ.ኤ.አ. ዳንኤል ምክናተን የእንግሊዙን ጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ፒልን የገደለ መስሎት ጸሐፊውን ኤድዋርድ ድራሞንድን ገደለ፤ በእብደት ምክንያት ነፃ ሲባል ሕዝብ ተቆጣ። የጌቶች ምክር ቤት ዳኞችን ጠይቆ ያገኘው መልስ፣ ሰውየው የሚያደርገውን ወይም ስሕተት መሆኑን የማያውቅ ከሆነ አይጠየቅም የሚለው መመዘኛ ሆነ። የእኛ ሕግ በአንቀጽ 48 ይህን ይዟል፤ «ነፃ» ማለት ግን ወደ ቤት መሄድ ሳይሆን ወደ ሕክምና መላክ ሊሆን ይችላል።

ከድሬዳዋ፣ የአገር ሽማግሌ፦ ጉማ ተከፍሎ ወገኖች ከታረቁ መንግሥት ስለ ምን ይከሳል?

አባቴ፣ ጉማም ሆነ በሶማሌ ወንድሞቻችን ዘንድ ያለው የደም ካሣ ደም እንዳይመላለስ አድርጓል፤ ይህን ሥራ ማንም ዐቃቤ ሕግ አይሠራውም፤ እኔም አከብረዋለሁ። ነገር ግን ነፍስ ግድያ በግል አቤቱታ የሚቀርብና የሚቀር ክስ አይደለም። ዕርቁና ካሣው በፍርድ ጊዜ ቅጣት ለማቅለል ሊታዩ ይችላሉ፤ ክሱን ግን አያቋርጡም። የሟች ወገን ይታረቅ ይሆናል፤ ሟቹ ግን በዕርቁ ላይ አልተቀመጠም።

ከዚሁ ከተማ፦ በሞት መቅጣት ይቅር ይላሉ?

እላለሁ። በለንደን ሪሊንግተን ፕሌስ ቁጥር 10፣ ቲሞቲ ኢቫንስ ልጁን ገድሏል ተብሎ በመጋቢት 1950 እ.ኤ.አ. ተሰቀለ። ዋና መስካሪው በዚያው ቤት ይኖር የነበረው ክሪስቲ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ በክሪስቲ ቤት ግድግዳ ውስጥና ወለል ሥር የሴቶች ሬሳ ተገኘ። ፓርላማው በ1965 ለነፍስ ግድያ የሞት ቅጣትን አስቀረ፤ ኢቫንስ በ1966 ይቅርታ ተደረገለት፤ የሞተ ሰው ግን ይቅርታውን አይቀበልም። በእኛ ሕግ የሞት ፍርድ ርእሰ ብሔሩ ካላጸና አይፈጸምም፤ ጥፋቱን ሲፈጽም 18 ዓመት ባልሞላው ላይም አይፈረድም።

የመጨረሻው፣ ትናንት ማታ የደረሰኝ፦ የእህቴ ልጅ ከሦስት ቀን በፊት ተጠልፋ ትናንት ተመልሳለች። ሽማግሌዎች ለእሁድ ቀጠሮ ይዘዋል። ምን እናድርግ?

እሁድን አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዷት። ከመደፈር በኋላ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር የሚገባው በ72 ሰዓት ውስጥ ስለሆነ፣ ጊዜው ሳያልፍ አይቀርም ብላችሁ አትቅሩ፤ ሐኪሙ ይወስን፤ ሌላም ሕክምና አለ። የለበሰችውን ልብስ አትጠቡ፤ በወረቀት ጠቅልላችሁ ያዙ። ከዚያ ወደ ፖሊስ ሄዳችሁ ቃሏን ታስመዝግብ፤ የምታምነው ሰው አብሯት ይግባ፤ ሴት መርማሪ እንድትመደብላትም ጠይቁ። ሽማግሌዎቹ ከመጡ የአንቀጽ 587ን ንዑስ ቁጥር 3 አንብቡላቸው፤ ጋብቻው ቢፈጸም እንኳ ክሱ እንደማይቀር በግልጽ ይወቁት። ጠበቃ መክፈል ካልቻላችሁ በነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ አሉ፤ እኔም ያለ ክፍያ አብሬያችሁ እቆማለሁ፤ ነገ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ቢሮዬ ነኝ።